ላፕቶፕህ ተኝቶ ሲነቃ ሰዓቱ እንዳይዛነፍ

ልጄ፣

ሊኑክስ የጫንክበት ላፕቶፕ ክዳኑን ዘግተህ ስትከፍተው ሰዓቱ እንደሚዛነፍብህ፣ አንተም በየጊዜው በእጅህ እያስተካከልክ እንደምትሠራ ሰምቻለሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከሰርቨርና ከኔትወርክ ጋር ነው። «ኢንተርኔቱ ተበላሸ» ተብዬ ሄጄ ጥፋቱን ሰዓት ላይ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። የድረ ገጽ ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ይሠራል ተብሎ የተወሰነ ነው፤ ማሽንህ ቀኑን ከሳተ ብራውዘርህ ደህናውን ሰርተፍኬት አላምንም ይላል። ላፕቶፑ ላይ የምታወጣው የመግቢያ ኮድ በየ30 ሰከንዱ ይለወጣል፤ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ ማሽን ጊዜው ያለፈበትን ኮድ ይሰጥሃል። በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ከርቤሮስ በሚባለው የመግቢያ ስልት የምትገባ ከሆነ ደግሞ የተለመደው ገደብ 5 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ያለፈ በሩ ይዘጋበታል።

ስለዚህ የማውቀውን በተርታ እጽፍልሃለሁ።

፩. ሰዓቱን ከማስተካከልህ በፊት ስህተቱን ለካ።

ሰዓቱ ተዛንፎ ስታየው እጅህ ወደ ማስተካከያው ይሮጣል። ተው። በእጅህ ካስተካከልከው ማስረጃውን አጠፋኸው። መጀመሪያ ተርሚናል ክፈትና «ታይምዴትሲቲኤል» ብለህ ጻፍ። የአካባቢህን ሰዓት፣ ዩቲሲ የሚባለውን የዓለም ሰዓት፣ የሃርድዌሩን ሰዓትም በየመስመሩ ያወጣልሃል። ከስልክህ ጋር አስተያይና ልዩነቱን ወረቀት ላይ ጻፈው። የስህተቱ መጠን ጥፋተኛውን ይነግርሃል፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ።

አዲስ አበባ ሆነህ ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ጉዳዩ የሰዓት ቀጠና ነው። ኢትዮጵያ ዩቲሲን በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ አንዱ ፕሮግራም የአገር ሰዓት ብሎ የጻፈውን ሌላው ዩቲሲ ብሎ አንብቦታል። ልክ 6 ሰዓት ከሆነ አንድ ሰው በሐበሻ አቆጣጠር በእጁ ሞልቶታል። ልክ 12 ሰዓት ከሆነ ጧትና ማታ ተምታቷል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለች እህትህ «ልክ አንድ ሰዓት ተዛነፈብኝ» ካለችህ፣ እዚያ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት የሚገፉበትና የሚመልሱበት ልማድ ነው፤ እኛ ዘንድ ስለሌለ አንተን አያገኝህም። የሃርድዌሩ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ ኃይል የሚሰጠው የሲሞስ ባትሪ ደክሟል። ላፕቶፑ 8 ሰዓት ተኝቶ ሰዓቱም ልክ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ፣ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሲነቃ የሃርድዌሩን ሰዓት አላነበበም ማለት ነው። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ከሆነ ግን ማንም አላጠፋም፤ የኳርትዝ ባሕርይ ነው።

፪. ማሽንህ ሁለት ሰዓት እንዳለው እወቅ።

አንደኛው ከርነሉ ራሱ የሚቆጥረው የሲስተም ሰዓት ነው። የምታየውም፣ ፕሮግራሞችህ የሚጠቀሙበትም ይህንኑ ነው። ቆጠራው የሚነሣው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፣ በዩቲሲ ነው፤ በእኛ ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ይደምራል። ይህ ሰዓት ግን ማሽኑ ነቅቶ ሳለ ብቻ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው አርቲሲ የሚባለው የሃርድዌር ሰዓት ነው። ማሽኑ ቢተኛም ቢጠፋም የማይቋረጥ የራሱ ጥቂት ኃይል አለው፤ ልቡ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ቁጥሩ እንዲያው የተመረጠ አይደለም። 15 ጊዜ ለሁለት ብትከፍለው 1 ላይ ይደርሳል፤ በሰከንድ አንድ ምት ማለት ነው። ይህ ሰዓት በፒሲ ውስጥ የተለመደ ዕቃ የሆነው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ካወጣው ፒሲ ኤቲ ጀምሮ ነው። ዛሬም በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ አርቲሲውን የሚያናግረው በዚያን ጊዜ በተቀመጠው ስልት ነው።

ሁለቱን እንደ ተረኛ ዘበኞች አስባቸው። ማሽኑ ሲሠራ አንዱ ይጠብቃል፣ ሲተኛ ሌላው ይረከባል። ስህተት የሚገባው ርክክቡ ላይ ነውና ርክክቡን ቀረብ ብለን እንየው።

ክዳኑን ስትዘጋ ከርነሉ ፕሮግራሞቹን ባሉበት ያቆማል፣ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ያስተኛል፣ በመጨረሻም የአርቲሲውን ንባብ መዝግቦ የራሱን ቆጠራ ያቆማል። ክዳኑን ስትከፍት፣ ስክሪኑ ገና ሳይበራ፣ አርቲሲውን እንደገና ያነባል። ከአዲሱ ንባብ ላይ የቀድሞውን ይቀንስና ልዩነቱን በራሱ ሰዓት ላይ ይጨምራል። ማታ 5 ሰዓት ላይ ተኝቶ አርቲሲው «27,000 ሰከንድ አልፏል» ካለ፣ ከርነሉ ያንኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ደምሮ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል።

እዚህ ላይ ልብ በል፤ የሚደመረው ልዩነቱ ነው። አርቲሲው ራሱ ሦስት ሰዓት ቢሳሳት፣ ሦስት ዓመትም ቢሳሳት፣ በትክክል እስከቆጠረ ድረስ የላፕቶፑን መንቃት አያበላሽም። ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ ስታበራው ግን ሌላ ነው። ያኔ ከርነሉ በእጁ የያዘው ነገር ስለሌለ አርቲሲው ያለውን እንዳለ ይቀበላል። ስለዚህ ከስህተቱ መጠን ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «የሚሳሳተው ሲነቃ ነው ወይስ ሲበራ?» የሚለው ነው። ሁለቱን ቀላቅለው ቀኑን ሙሉ የሚደክሙ ወጣቶችን ብዙ አይቻለሁ፤ አንተ እንዲህ አትሁን።

ደግሞ አርቲሲው የሚነበበው በሙሉ ሰከንድ ነው፤ ክፍልፋይ የለውም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ እንቅልፍ እስከ አንድ ሰከንድ የሚጠጋ ስህተት ሊያስገባ ይችላል። በየክፍለ ጊዜው ክዳን የሚዘጋ ተማሪ ስህተቱ እንዳይከማችበት የከርነሉ ጸሐፊዎች አስበውበታል። ከርነሉ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለውን ልዩነት ከአንዱ እንቅልፍ ወደ ሌላው ያስታውሳል፤ ልዩነቱ በጥቂቱ ሲወዛወዝ የንባብ መቆራረጥ መሆኑን አውቆ ያካክሰዋል። ይህን ያህል የተጨነቁበት ሥራ ነው፤ ሳናውቀው በየቀኑ እንገለገልበታለን።

ከዚያ የቀረው ስህተት የክሪስታሉ ነው። ከሚሊዮን 20 እጅ የሚዛነፍ ተራ ክሪስታል በቀን ወደ 1.7 ሰከንድ ይስታል። እንዲህ ያለው ክሪስታል በትክክል የሚሄደው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ይዘገያል። ቦርሳ ውስጥ ታፍኖ የሞቀና ጠረጴዛ ላይ ያደረ ላፕቶፕ እኩል አይቆጥሩም። ቅዳሜና እሁድን ተኝቶ ሰኞ ጧት ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ቢስት ማሽንህን አትጠርጥር።

፫. የሃርድዌሩን ሰዓት በዩቲሲ አኑረው።

ዊንዶውስ ከዶስ ዘመን በወረሰው ልማድ አርቲሲውን በአገር ሰዓት ይሞላል፤ ሊኑክስ ደግሞ ዩቲሲ ነው ብሎ ያነባል። ሁለቱን አንድ ላፕቶፕ ላይ ከጫንክ ጠቡ አይቀርም። ከዊንዶውስ ወጥተህ ሊኑክስ ስታስነሣ ሰዓቱ 3 ሰዓት ቀድሞ ታገኘዋለህ፤ ከሊኑክስ ወጥተህ ዊንዶውስ ስትገባ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ። እንደነገርኩህ ይህ የሚሆነው ስታበራ እንጂ ስታነቃ አይደለም። አንድ ክፉ አጋጣሚ ግን አለ። ሊኑክስን ወደ ዲስክ አስተኝተህ፣ ማለትም ሃይበርኔት አድርገህ፣ በመካከሉ ዊንዶውስ ካስነሣህ፣ ዊንዶውስ አርቲሲውን ይገፋዋል፤ ሊኑክስ ሲነቃ የሚያገኘው ልዩነት ውስጥ ያልኖረበት 3 ሰዓት ይጨመራል። በዚያ ላይ የዲስኩን ፋይሎች የማበላሸት አደጋ ስላለው እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከናካቴው አታድርግ።

መፍትሔው ዊንዶውስን ማግባባት ነው። ሬጅስትሪው ውስጥ የሰዓት ቀጠና መረጃ በሚቀመጥበት ቦታ «ሪልታይምኢዝዩኒቨርሳል» የሚባል ዋጋ ፍጠርና 1 አድርገው። በሊኑክስ በኩል «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 0» በል። ሊኑክስን ወደ አገር ሰዓት ማምጣትም ይቻላል፤ አልመክርህም፤ «ታይምዴትሲቲኤል» ራሱ ያስጠነቅቅሃል።

፬. የእኛን የሰዓት አቆጣጠር ማሽኑ ላይ አትጫን።

ይህን ከልቤ ነው የምነግርህ፣ በየቢሮው የማየው ነገር ስለሆነ። ላፕቶፑ 8 ሰዓት ሲል እኛ ከጧቱ 2 ሰዓት እንላለን። ይህ የከነከነው ሰው ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጥቂት ቆይቶ ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር ተናቦ ይመልሰዋል። ሰውየው «ሰዓቱ ራሱ ይለወጥብኛል» ብሎ ማናበቡን ያጠፋዋል። ከዚያ ወዲያ የሚላከው ኢሜይል ሁሉ ከስድስት ሰዓት በፊት የተላከ ይመስላል፣ ዛሬ የወጣ ሰርተፍኬት «ገና አልጸደቀም» ይባላል፣ የፓኬጅ ማደሻውም ዝርዝሩ ከወደፊት የመጣ ነው ብሎ አልሠራም ይላል።

አንዳንዱ ብልህ ደግሞ ሰዓቱን ትቶ ቀጠናውን ይለውጣል። ከዩቲሲ 3 ሰዓት የምትዘገየው ቦነስ አይረስ ናት፤ እዚያ ያለ ሰው ሰዓቱ ላይ የሚያነበው ቁጥር አዲስ አበባ ያለ ሰው በአፉ የሚናገረው ቁጥር ነው። ቀኑ እንኳ እንደ እኛ ባህል ንጋት ላይ ይቀየራል። ነገሩ ያስደስታል፤ ውስጡ ያለው ዩቲሲ ስላልተነካም ሰርተፍኬት አይበላሽም። ነገር ግን የቀጠሮ ደብተርህ አርጀንቲናዊ ነህ ብሎ ያምናል፤ የፈረንጁን የጧት 8 ሰዓት አስበህ «ነገ በ8 ሰዓት» ብለህ የላክኸው ጥሪ ለሌላው ሰው ከቀትር በኋላ ሆኖ ይደርሰዋል።

ቀጠናህ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ይሁን። አንዳንድ ቦታ ናይሮቢ የሚል ቃል ብታይ አትደንግጥ፤ በቀጠናዎች መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ ከናይሮቢ ጋር የተያያዘች ናት፣ ሰዓታቸው አንድ ነው። የሐበሻ ሰዓት ማየት ከፈለግህ ከአካባቢህ ሰዓት ላይ 6 ቀንሶ ፓኔሉ ላይ የሚያሳይ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍ፤ ለአንተ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ስትጓዝም እንደዚሁ ቀጠናውን ለውጥ፣ ሰዓቱን አትንካ።

፭. የሚያናብብህ ፕሮግራም አንድ ብቻ ይሁን።

ሰዓትን በኔትወርክ የማናበብ ስልት ኤንቲፒ ይባላል። የሠራው በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ሚልስ ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፣ እሱም በ2024 መጀመሪያ በ85 ዓመቱ አረፈ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ይታመም የነበረ፣ በኋላም ብርሃኑን ያጣ ሰው ነው፤ ዓለም ሁሉ ሰዓቱን የሚያየው ግን በእርሱ ሥራ ነው።

ስልቱ አራት ጊዜዎችን ይመዘግባል። ላፕቶፕህ ጥያቄ ሲልክ የራሱ ሰዓት ዜሮ ላይ ነበር እንበል። ሰርቨሩ ጥያቄው የደረሰው በራሱ ሰዓት 2,100 ሚሊሰከንድ ላይ ነው ይላል፣ መልሱን 2,101 ላይ ይልካል። መልሱ ላፕቶፕህ ሲደርስ የላፕቶፑ ሰዓት 201 ይላል። በመሄጃው 2,100፣ በመመለሻው 1,900 ልዩነት አለ፤ ደምረህ ለሁለት ክፈል፣ 2,000 ይሆናል። ላፕቶፕህ ሁለት ሰከንድ ዘግይቷል። የመንገዱ ርዝመት 200 ሚሊሰከንድ ሆኖ ሳለ ከስሌቱ ውስጥ ራሱን አጠፋ፤ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ያምናል፦ መሄጃና መመለሻው እኩል ነው ብሎ። በተጨናነቀ የሞባይል ዳታ ላይ እኩል ላይሆን ይችላል፤ ስህተቱ ግን ቢበዛ የመንገዱ ግማሽ፣ እዚህ 100 ሚሊሰከንድ ነው። ለላፕቶፕ ይህ ምንም አይደለም።

በኡቡንቱና በዴቢያን ለዓመታት የተለመደው «ሲስተምዲ-ታይምሲንክዲ» ቀላል ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሰርቨር ብቻ ይጠይቃል፣ በ32 ሰከንድና በ34 ደቂቃ መካከል ባለ ልዩነት እየደጋገመ። ሰዓቱ እንደዘለለ ሲያይም፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲነቃ፣ ተራውን ሳይጠብቅ እንደገና ይጠይቃል። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ፌዶራ የሚያመጣው «ክሮኒ» ግን ከመነሻውም እየተቋረጠ ለሚገናኝ ማሽን ታስቦ የተሠራ ነው። ብዙ ሰርቨሮችን አመዛዝኖ ዋሾውን ይለያል፣ የክሪስታልህን ዝንፈት መጠንም በፋይል መዝግቦ ያስታውሳል። ኔትወርክ ሳታገኝ ብዙ የምትሠራ ከሆነ ክሮኒን ጫን እልሃለሁ፤ ሰርቨር ባላገኘበት ጊዜም የተማረውን ዝንፈት እያካካሰ ይቆጥርልሃል። ሁለቱ ግን አብረው አይኑሩ፤ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይጎትታል።

፮. ለላፕቶፕ «ሜክስቴፕ»ን አላላው።

የክሮኒ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ሜክስቴፕ 1 3» የሚል መስመር ታገኛለህ። ትርጉሙ ስህተቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ ሰዓቱን በአንድ ዝላይ አስተካክል፣ ይህንንም ሥራ ከጀመርክ ወዲህ ባሉት የመጀመሪያ 3 ማስተካከያዎች ብቻ አድርግ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክሮኒ ሰዓቱን አያስዘልልም፤ ትንሽ እያፈጠነ ወይም እያዘገየ ያስታርቀዋል። ለሰርቨር ትክክለኛ ጠባይ ነው፤ ዳታቤዝ የሚሠራበት ማሽን ላይ ሰዓት በድንገት ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያደርሰውን ጥፋት አይቻለሁ።

ላፕቶፕህ ግን ሳይጠፋ ሳምንት እየተኛና እየነቃ ይኖራል። ሦስቱ ዕድሎች የመጀመሪያው ቀን ላይ አልቀዋል። ክሮኒ በተለመደው ወሰኑ 1 ሰከንድ ለማስታረቅ ቢያንስ 12 ሰከንድ ይፈልጋል። አራት ሰከንድ ከሆነ አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ ሳታየው ያልፋል። በሆነ ምክንያት 3 ሰዓት ከሳተ ግን 36 ሰዓት ይወስዳል፤ አንተም አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ሰርተፍኬት ስትለምን ትኖራለህ። ስለዚህ 3ን አንሣና «-1» አድርግ፤ በማንኛውም ጊዜ ይዝለል ማለት ነው። እንዲህ ስታደርግ ግን አንድ የተሳሳተ ሰርቨር ሰዓትህን እንዳይወስደው ቢያንስ አራት ምንጮች ይኑሩህ፣ «ሚንሶርስስ 2» የሚል መስመርም ጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀውን ኤንቲኤስ የሚባለውን ጥበቃ የሚሰጡ ሰርቨሮች ካገኘህ እነሱን አስቀድም።

እዚያው ፋይል ውስጥ «አርቲሲሲንክ» የሚለው መስመር መኖሩን አረጋግጥ። እሱ ካለ፣ ሰዓቱ ተናቦ ሳለ ከርነሉ በየ11 ደቂቃው ትክክለኛውን ሰዓት ወደ አርቲሲው ይገለብጣል። ስለዚህ ከመተኛቱ በፊት አርቲሲውን በራሱ የሚሞላ ስክሪፕት መጻፍ አያስፈልግህም። ሲነቃ ሰዓት የሚያስተካክል ስክሪፕትም አትጻፍ፤ ዋይፋዩ ገና ሳይያያዝ ሮጦ ባዶ እጁን ይመለሳል።

፯. ማንበብን ልመድ።

«ክሮኒሲ ትራኪንግ» ብትል ብዙ መስመር ይወጣል፤ ሦስቱ ይበቁሃል። «ሲስተም ታይም» የሚለው አሁን ስንት ሰከንድ እንደሳትክ ይነግርሃል። «ፍሪኩዌንሲ» የሚለው ነቅቶ ሳለ የሚቆጥርበት ሰዓት በተፈጥሮው በሚሊዮን ስንት እጅ እንደሚዛነፍ ነው፤ 12 ካለ በቀን አንድ ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። «ሊፕ ስታተስ» አጠገብ «ኖርማል» ካለ ተናቧል።

«ክሮኒሲ ሶርስስ» ስትል ደግሞ ኮከብ የተደረገበት የተመረጠው ሰርቨር ነው። «ሪች» በሚለው ዓምድ 377 ካየህ ያለፉት ስምንት ጥያቄዎች ሁሉ ተመልሰዋል። ቁጥሩ በስምንት መደብ የሚጻፍ ስለሆነ ፕሮግራሙ እንደጀመረ 1፣ 3፣ 7፣ 17፣ 37 እያለ ይወጣል። ዜሮ ላይ ከቀረ ሰርቨሩ አይደርስህም። ሎጉ ውስጥ ሲነቃ «ፎርዋርድ ታይም ጃምፕ ዲቴክትድ» የሚል ብታነብ አትፍራ፤ ክሮኒ ማሽኑ ተኝቶ እንደነበር ገብቶታል ማለት ነው።

፰. ባትሪውን አስቀይር።

ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዛህ የሲሞስ ባትሪው የደከመ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው፤ አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ግን ለብቻው የላቸውም፣ አርቲሲው ከዋናው ባትሪ ነው የሚጠባው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ኃይል ሙሉ በሙሉ ሲያልቅበት የሃርድዌሩ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። የሲስተሙን ሰዓት ሲስተምዲ በመጨረሻ ባስቀመጠው ጊዜ ላይ ስለሚያነሣው ከዚያ በታች ባይወርድም፣ ዛሬ ላይ ግን አይደርስም። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሶፍትዌር ከመነካካትህ በፊት ጥገና ቤት ውሰደው።

፱. ኔትወርኩ ከከለከለህ ሌላ መንገድ ፈልግ።

ኤንቲፒ በዩዲፒ ፖርት 123 ይሄዳል። ብዙ የሆቴልና የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ይህን ፖርት ይዘጋል፤ ብራውዘርህ እየሠራ ሰዓትህ አይናበብም። የስልክህን ሆትስፖት ለጥቂት ደቂቃ ክፈት፣ «ሪች» ሲወጣ እይ፣ ከዚያ ተመለስ።

፲. ሎግ ስታነብ የትኛው ሰዓት እንደጻፈው ጠይቅ።

«ዲሜሴጅ» የሚያወጣቸው የከርነል መልእክቶች የሚታተሙት ማሽኑ ሲተኛ በሚቆም ቆጠራ ነው። «-ቲ» ብለህ ወደ ቀንና ሰዓት ስታስለውጠው ትክክል የሚሆነው ከመጨረሻው መንቃት ወዲህ ላለው ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ተዛንፎ ይታያል። ሰዓትህ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር «ጆርናልሲቲኤል»ን ተጠቀም።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም የተኛበትን ጊዜ ያህል የሚጎድል ከሆነ፣ «ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ» የሚለውን ፋይል አንብብ። «ኤስ2አይድል» እና «ዲፕ» የሚሉ ሁለት የእንቅልፍ ዓይነቶች ካሉ ወደ ሌላኛው ቀይረህ አንድ ሌሊት አሳድረው፤ ባዮሱንም አድስ። ካልሆነ ከመተኛቱ በፊትና ከነቃ በኋላ «ታይምዴትሲቲኤል» ያወጣውን፣ ከጎኑ የስልክህን ሰዓት ጽፈህ፣ የላፕቶፑን ሞዴልና የከርነሉን ቁጥር ጨምረህ ላክልኝ፤ ቁጭ ብለን እናየዋለን።